በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት፦ ስለ ኪራይ ማስጠንቀቂያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው በሜሪላንድ

አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡና «ልጄ፣ ቀስ ብለህ አንብብልኝ» አሉኝ። በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚኖሩበት አፓርታማ በር ላይ ተለጥፎ ያገኙት ነው። የሚያነብላቸው ሰው እስኪያገኙ ድረስ ግማሹን ዕቃ በካርቶን አሽገው ጨርሰዋል። ወረቀቱ ግን ቤቱን ይልቀቁ የሚል ቃል አልነበረበትም። ጠበቃ አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ ግን ተመሳሳይ ወረቀት ለብዙ ሰው አንብቤያለሁ፤ የምሰማው ስሕተትም በየጊዜው አንድ ዓይነት ነው።

«በ10 ቀን ውስጥ ውጣ ተብያለሁ»

እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ በሜሪላንድ ያለ አከራይ፣ ኪራይ አልተከፈለኝም ብሎ ከመክሰሱ በፊት ለተከራዩ የ10 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ አለበት። የወረቀቱ መልእክት «ይህን ያህል ውዝፍ አለብህ፤ በ10 ቀን ውስጥ ካልከፈልህ እከስሃለሁ» ነው። ቀኖቹ የተሰጡት ለመክፈያ እንጂ ለመልቀቂያ አይደለም። ካለፉም በኋላ ክስ፣ መጥሪያ፣ ችሎት፣ ፍርድ እና የማስለቀቂያ ትእዛዝ ይቀራሉ።

ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው በፖስታ፣ በር ላይ በመለጠፍ፣ ወይም ተከራዩ ራሱ ከመረጠ በኢሜይልና በስልክ መልእክት ነው። አከራዩ ይህን ደረጃ ከዘለለ ክሱ ውድቅ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ የተገኘበትን ቀን መጻፍና ፎቶግራፍ አንስቶ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሒሳቡም ይመርመር፤ ከዘገየው ኪራይ ከ5 በመቶ በላይ የመዘግየት ቅጣት መጠየቅ በሕግ የተከለከለ ነው። እኚያ እናት የአንድ ወር ውዝፍ ነበረባቸው፤ በስድስተኛው ቀን ከፍለው ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ካርቶኑንም ፈቱት።

«ቤቱ የእሱ ነው፤ ቁልፍ ቢቀይር ምን አደርጋለሁ?»

ይህን አመለካከት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቻችን «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ሲባል ዕቃችንን ሰብስበን የወጣን ነን። በሜሪላንድ ግን ተከራይን ማስወጣት የሚቻለው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ትእዛዙን የሚያስፈጽመውም ሸሪፉ፣ ማለትም የአካባቢው ሕግ አስከባሪ ሹም ነው። አከራይ በራሱ ሥልጣን ቁልፍ መቀየር፣ ዕቃ ማውጣት፣ ለማስለቀቅ ሲል መብራት፣ ውኃ ወይም ማሞቂያ መቁረጥ አይችልም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ነገሩ በብዛት የሚፈጸመው በመካከላችን ስለሆነ ነው። የአገራችን ሰው ቤዝመንቱን ለአገሩ ልጅ ያከራያል፤ ውል አይጻፍም፣ ደረሰኝ አይሰጥም፣ ሁሉ ነገር በመተማመን ነው። ሁለት ወር ሲቋረጥ መተማመኑ ያልቅና በብርድ ሌሊት በሩ ይቆለፋል። በቃል የተደረገ የኪራይ ስምምነትም ሕጋዊ ኪራይ ነው፤ ያ ተከራይ ትልቅ አፓርታማ ውስጥ ያለ ተከራይ የሚያገኘውን የፍርድ ሂደት ያገኛል። ለአከራዮቻችንም አንድ ነገር ልጨምር። ሞንትጎመሪ ካውንቲን በመሰሉ አካባቢዎች ቤት ለማከራየት ፈቃድ ያስፈልጋል። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 እንደወሰነው፣ ፈቃድ በሚጠየቅበት ቦታ ያለ ፈቃድ ያከራየ ሰው ባልተከፈለ ኪራይ በሚደረገው አጭር የፍርድ ሂደት ቤቱን ማስለቀቅ አይችልም። ቤታቸውን በባንክ ዕዳ የሚከፍሉ፣ እነሱም የሚጨነቁ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ሕጋዊው መንገድ ለእነሱም ይሻላል።

«አለመክፈሌ እውነት ነው፤ ፍርድ ቤት ሄጄ ምን እላለሁ?»

ከሁሉም በላይ ቤት የሚያሳጣው ይህ ነው። ሰው ያፍራል፤ መጥሪያውን ፍሪጅ ላይ ያስቀምጥና ቀኑን ያሳልፋል። ተከራዩ ካልቀረበ ዳኛው አከራዩን ብቻ ሰምተው ይፈርዳሉ። ከቀረበ ግን የሚነገር ነገር ብዙ ነው፤ ሒሳቡ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል፣ የተከፈለ ገንዘብ ሳይመዘገብ ቀርቶ ይሆናል፣ ማስጠንቀቂያው አልደረሰ ይሆናል። ከአከራዩ ጠበቃ ጋር በችሎቱ ኮሪደር ላይ የክፍያ ጊዜ ተስማምተው የተመለሱም አሉ።

የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይመደባል፤ መጠየቅ ግን የተከራዩ ፋንታ ነው፣ ቀደም ብሎ ቢሆን ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሕግ ደግሞ የቤተሰብ ገቢው ከግዛቱ መካከለኛ ገቢ ግማሽ የማይበልጥ ተከራይ ነፃ ጠበቃ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የሚያስፈራቸው ሰዎች አሉ። በዚህ ክስ የሚመረመረው ኪራዩ መከፈል አለመከፈሉ ነው።

«ከተፈረደ በኋላ መክፈል ከንቱ ነው»

ከንቱ አይደለም። ተከራዩ ሸሪፉ ትእዛዙን ከመፈጸሙ በፊት የተፈረደበትን ኪራይ፣ ቅጣትና የፍርድ ቤት ወጪ ሙሉ በሙሉ ከከፈለ፣ በቤቱ የመቆየት መብት አለው። ይህ መብት የማይሠራበት ሁኔታም አለ፤ ክሱ ከመመሥረቱ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ባልተከፈለ ኪራይ 3 ጊዜ የተፈረደበት ሰው ላያገኘው ይችላል። በባልቲሞር ከተማ ቁጥሩ 4 ነው።

«ግማሹን ሲቀበለኝ ክሱን ትቶታል ማለት ነው»

አይደለም። ገንዘቡን ተቀብሎ ክሱን ሊቀጥል ይችላል። ክሱን እተዋለሁ ካለ በጽሑፍ ይስጥ።

«ቤቱ ሻጋታ ስላለው ኪራይ አቁሜያለሁ»

ቅሬታው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡን ኪስ ውስጥ አድርጎ ዝም ማለት ግን ራስን ለክስ ማጋለጥ ነው። ጤናን ወይም ሕይወትን የሚያሰጋ ጉድለት ሲኖር፣ ተከራዩ ለአከራዩ በአደራ ደብዳቤ ካሳወቀና በተገቢ ጊዜ ውስጥ ካልተጠገነ፣ ኪራዩን በፍርድ ቤት እንዲያዝ ማመልከት ይችላል። ገንዘቡ ከተከራዩ እጅ ይወጣል፤ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት ዳኛው ናቸው።

«የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ አድርጎ ነው የዳነው»

ቨርጂኒያ የራሷ ሕግ፣ የራሷ የማስጠንቀቂያ ቀን አላት። ድልድዩን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲም ሌላ ነው፤ እዚያ ተከራይን በትእዛዝ የሚያስወጡት የፌዴራል ማርሻሎች ናቸው። ስለዚህ ሰው ወረቀት ሲያመጣልኝ፣ ከገንዘቡም ከቀኑም በፊት የምመለከተው ቤቱ በየትኛው ግዛት እንደሚገኝ ነው።