«እሱ ወንድ ነው፣ አይችልም»፦ አባት ሊሆኑ ላሉ የሚነገሩ ስህተቶች

አዋላጅ ነርስ ነኝ። በማዋለጃ ክፍል ብዙ አጉል ወሬ ሰምቻለሁ። እስካሁን መልመድ ያቃተኝ ግን አንዱን ነው። ሕፃኑ ተወልዷል። እናት ደክሟታል። አባት ልጁን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ከዘመድ አንዱ ይቀድመውና «ተው፣ እሱ ወንድ ነው፣ አይችልም» ይላል። አባትየው ፈገግ ብሎ ወደ ኋላ ይላል። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት እዚያው ኋላ ይቀራሉ።

ወደዚህ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ሌሎቹን ላንሳ።

«የምትወልደው በዚህ ቀን ነው ተብለናል፣ እስከዚያ ጊዜ አለን»

የተነገራችሁ ቀን ግምት ነው። ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተነስቶ 40 ሳምንት ተቆጥሮ የሚገኝ ነው። በትክክል በዚያ ቀን የሚወለዱት ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። 37ኛው ሳምንት ካለፈ ምጥ በማንኛውም ቀን ቢመጣ የሚጠበቅ ነው፤ ቀድሞም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ወንድሜ፣ በመጨረሻው ወር ሩቅ አገር አትሂድ። ስልክህ ክፍት ይሁን። ቦርሳው ቀድሞ ይዘጋጅ። ሌሊት በምን እንደምትሄዱ፣ ማን እንደሚያደርሳችሁ ዛሬ ተነጋገሩ።

«ሴት ልጅ የወለደችው በእሷ ምክንያት ነው»

አይደለም። የእናት እንቁላል ሁልጊዜ የሚይዘው ኤክስ የሚባለውን ክሮሞሶም (የዘር መረጃ ተሸካሚ) ነው። ጾታውን የሚወስነው የአባት ዘር ይዞት የሚመጣው ኤክስ ወይም ዋይ ነው፤ ኤክስ ከሆነ ሴት፣ ዋይ ከሆነ ወንድ። አራስ ሚስቱን በዚህ የሚወቅስ ሰው ሲገጥመኝ ትዕግሥቴ ያልቃል።

«ክትትል የእሷ ጉዳይ ነው»

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ የጤና ባለሙያ እንድታይ ይመክራል። ሁሉንም መገኘት ላትችል ትችላለህ፤ ሥራ አለ። የቻልከውን ያህል ግን አብረሃት ግባ። ምክንያቱ እሷን ለማጀብ ብቻ አይደለም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር አጠገቧ ያለኸው አንተ ነህ። አደገኛ የሚባሉትን ምልክቶች አንተም በቃልህ ማወቅ አለብህ፦ ደም መፍሰስ፣ የማይለቅ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብዥ ማለት፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከእነዚህ አንዱን ካየህ «እስኪነጋ እንጠብቅ» የሚባል ነገር የለም።

አንድ አባት አስታውሳለሁ። ሚስቱ ከወለደች ቀናት አልፈዋል። ራሷን በጣም አሟት፣ ዓይኗ ላይ ብዥ ይልባት ጀመር። ቤት ያለው ሰው ሁሉ «እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ትተኛ» አለ። እሱ ግን በክትትል ጊዜ የሰማውን አልረሳም። እንቢ ብሎ ይዟት መጣ። ስንለካት ግፊቷ አስፈሪ ነበር። ፕሪኢክላምፕሲያ የሚባለው ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ልጅ ከተወለደ በኋላም ሊነሳ እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ንቁ መሆን ያስፈልጋል። ያ ሰው ሚስቱን ያተረፈው ክትትል ክፍል ገብቶ በማዳመጡ ነው።

«ምጥ ላይ ወንድ እንቅፋት ነው»

እንቅፋት የሚሆነው ምን እንደሚያደርግ ማንም ያልነገረው ወንድ ነው። በምጥ ጊዜ የመረጡት ሰው ሳይለያቸው የደገፋቸው እናቶች ምጣቸው እንደሚያጥርና በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸው እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። «የመረጡት» የምትለዋን አስምርባት። እናቷን ወይም እህቷን ከመረጠች አትቀየም። አንተን ከመረጠች ደግሞ ሥራ አለህ። ወገቧን ከታች በኩል በመዳፍህ ጫን እያደረግህ እሽ። ውሃ አቅርብላት። ስትራመድ ደግፋት። ምጡ ሲመጣ ቀስ ብለህ አብረሃት ተንፍስ። «ገና ነው እንዴ?» እያልክ አትጠይቃት። ስልክህን ኪስህ ውስጥ ክተት። ራስህን ካዞረህ ሳታፍር ቁጭ በል፤ ቆሞ ከሚወድቅ አባት ይልቅ የተቀመጠው ይጠቅመናል።

«እሱ ወንድ ነው፣ አይችልም»

አሁን ወደ ዋናው። ይህ አባባል የቆመው «እናት በተፈጥሮዋ ታውቃለች፣ አባት አያውቅም» በሚል እምነት ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች እናት አጠገብ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ይህን አይልም። እሷም አታውቅም። ልጁን ጡት ላይ እንዴት እንደምታስይዝ የማሳያት እኔ ነኝ። ዳይፐር ስትቀይር እጇ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ሲያለቅስ አብራ የምታለቅስም አለች። በሳምንቱ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ለምን? ልጁን ከእጇ የሚቀማት ስለሌለ ነው። ደግማ ደጋግማ ትሠራዋለች፣ ትለምደዋለች። አባትም ያንኑ ያህል ጊዜ ቢሰጠው ያንኑ ይለምዳል።

ተፈጥሮ የሚለውን ካነሳን፣ የወንዱም ሰውነት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ፊሊፒንስ ውስጥ ከ600 በላይ ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። አባት የሆኑት ወንዶች ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድነት ሆርሞናቸው ጎላ ብሎ ቀንሶ ተገኘ። በቀን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ልጃቸውን በመንከባከብ የሚያሳልፉት ደግሞ ከማይንከባከቡት ይልቅ ዝቅ ያለ መጠን ነበራቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ተመራማሪዎች የአባቶችን አንጎል ሲያዩም ተመሳሳይ አቅጣጫ አገኙ። አባት ልጁን በቀጥታ ሲንከባከብ የሚያሳልፈው ጊዜ በጨመረ ቁጥር ስሜትንና የሌላን ሰው ሁኔታ መረዳትን የሚመለከቱ የአንጎል ክፍሎች ትስስር ይበልጥ ይጠነክራል። ለውጡ ከሰዓቱ ጋር የተያያዘ ነው። ሰዓቱን የነጠቅነው አባት «አልቻለም» ብለን ልንፈርድበት አይገባም።

አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደም አልቆም ብሏት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ተወሰደች። ሕፃኑ መሞቅ ነበረበት። አባቱን ሸሚዙን አስፈትቼ ልጁን ደረቱ ላይ አስተኛሁለት። አክስቱ «ይጥለዋል፣ ለእኔ ስጪኝ» እያሉ ደጋግመው ለመኑኝ። አልሰጠሁም። እሱም ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። እናትየው ደህና ሆና እስክትመለስ ልጁ ሞቆት፣ ተረጋግቶ ተኝቷል። በኋላ ለክትባት ሲመጡ ልጁን ይዞ የገባው፣ ስንት ጊዜ እንደጠባና እንደሸና የነገረኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ልጁ ከመወለዱ በፊት ይህን ተለማመድ፣ አሻንጉሊትም ቢሆን ይዘህ። አንድ እጅህ ሁልጊዜ ጭንቅላቱንና አንገቱን ይደግፍ። ደረትህ ላይ ስታስተኛው ራቁቱን፣ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርገህ፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ፣ አፍንጫው ነፃ ሆኖ፣ ጀርባውን ሸፍነህ ይሁን። አንተ እንቅልፍ ከመጣብህ ወደ መኝታው መልሰው። ሴት ልጅ ከሆነች ስታጸዳት ከፊት ወደ ኋላ ጥረግ። እትብቱን ንጹሕና ደረቅ አድርገህ ተወው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት በራሱ ይወድቃል። ሲተኛ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ ይሁን፤ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና አሻንጉሊት አጠገቡ አይኑር። ቤት ውስጥ ሲጋራ አይጨስ።

ለቅሶውንም ቀድመህ ዕወቅ። ከሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ይጨምራል፣ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይቀንሳል። ሁሉን ሞክረህ ዝም ካላለና ቁጣ ከመጣብህ፣ በጀርባው መኝታው ላይ አስተኝተኸው ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ውጣ። ሕፃን በፍጹም አይነቀነቅም። አንድ ጊዜ በኃይል መነቅነቅ አንጎሉን ሊጎዳ፣ ሊገድለውም ይችላል። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም መጥባት እንቢ ካለ፣ ወይም በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ ወዲያው ሐኪም ይየው።

«ጡት የለኝም፣ ሌሊት ብነሳ ምን እጠቅማለሁ?»

አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። አምጥተህ ለእናቱ ስጣት፣ ሲጨርስ አስገሳው፣ ዳይፐሩን ቀይር፣ መልሰህ አስተኛው። እሷ ከአልጋ ሳትወርድ ታድራለች። ይህን ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ሌሊቱን አድሮበት አያውቅም።

«ልጄን እንዳየሁት ፍቅር ይይዘኛል»

አንዳንዱን ይይዘዋል። ሌላው ደንግጦ፣ ደክሞት፣ ምንም ሳይሰማው ይቀራል፤ ከዚያ ተደብቆ ራሱን ይወቅሳል። ልጁን ስትይዝ፣ ስታጥብ፣ ስታስተኛ ፍቅሩ ይመጣል።

«ከወሊድ በኋላ ድብርት የሴት ነው»

እናት ከወለደች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሆድ ሊብሳት፣ ያለ ምክንያት ልታለቅስ ትችላለች። ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ያስፈልጋታል። ይህን ቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ ባል ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው ደግሞ ከ10 አባቶች አንዱ በእርግዝናው ጊዜ ወይም ልጁ በተወለደ በመጀመሪያው ዓመት ድብርት ይይዘዋል። ወንዱ ላይ ሲሆን በእንባ ላይወጣ ይችላል። በትንሽ በትልቁ መቆጣት፣ ሥራ ቦታ ማምሸት፣ መጠጥ ማብዛት፣ ከቤት መሸሽ ሆኖ ይታያል። ሰው «ጠባዩ ተበላሸ» ብሎ ያልፈዋል። ራስህ ላይ ካየኸው ለሐኪም ተናገር። ይታከማል።

«እያጠባች ስለሆነ አታረግዝም»

ጡት ማጥባት እርግዝናን በደንብ የሚከላከለው ሦስት ነገሮች አብረው ሲሟሉ ነው፦ ልጁ ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ ቀንም ሌሊትም ያለ ተጨማሪ ምግብ ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነ፣ የወር አበባዋም ካልተመለሰ። አንዱ ከጎደለ የወር አበባ ሳታይም ልታረግዝ ትችላለች። ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ገና በእርግዝናው ክትትል ላይ እያላችሁ አብራችሁ ጠይቁ።