ቶሮስ ሮስሊን፦ የህሮምክላው የወንጌል ሠዓሊ

ቶሮስ ሮስሊን በ13ኛው መቶ ዘመን የኖረ አርመናዊ የብራና ጸሐፊና ሠዓሊ ነው። ስሙ ያረፈባቸው ሰባት መጻሕፍት ዛሬም አሉ። የመጀመሪያው በ1256፣ የመጨረሻው በ1268 የተጻፈ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ሰውየው የምናውቀው በአብዛኛው ራሱ በመጻሕፍቱ መጨረሻ ከተዋቸው ማስታወሻዎች ነው። አንቶን የሚባል ወንድም እንደነበረው እንኳ የምናውቀው ከዚያው ነው።

የሠራው ህሮምክላ በተባለች ምሽግ ነበር። ምሽጓ በዛሬዋ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ፣ ከኤፍራጥስ ወንዝ በላይ በገደል አፋፍ ላይ ነበረች። የአርመን ቤተ ክርስቲያን መሪ፣ ካቶሊኮሱ፣ መንበሩ እዚያው ነበር። የዚያን ጊዜው ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ቆስጠንጢኖስ መጽሐፍ ማጻፍ የሚወድ ሰው ነበር። ብራናው፣ ወርቁ፣ ቀለሙ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እንዲህ ያለ ደጋፊ ባይኖር ሮስሊን የሚባል ስም ባልሰማን ነበር።

አካባቢው ግን ሰላም አልነበረም። የኪልቅያ አርመን መንግሥት በመስቀል ጦረኞች፣ በሞንጎሎችና በማምሉኮች (በዘመኑ የግብፅ ገዥዎች) መሃል የተጣበቀ ነበር። ንጉሥ ሄቱም ቀዳማዊ ከሞንጎሎቹ ጋር ለመስማማት እስከ ዋና ከተማቸው እስከ ካራኮሩም ድረስ ተጉዟል። ይኼ ፖለቲካ ሥዕሉ ውስጥም ገብቷል። በ1260ው ወንጌል ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ሲሰግዱ ከኋላቸው የሞንጎል መልክ ያላቸው ወታደሮች ቆመዋል። ሮስሊን የጥንቱን ታሪክ ሲስል የዘመኑን ሰዎች አስገባበት።

የእጁ ሥራ ጎልቶ የሚታየው፣ በእኔ ግምት፣ ደረቅ በሆነው ቦታ ነው። በወንጌል መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ የአውሳብዮስ ሠንጠረዥ ይገባል። የትኛው ታሪክ በየትኞቹ ወንጌላት እንደሚገኝ የሚያሳይ የቁጥር ዝርዝር ነው፤ በቃ፣ ቁጥር ብቻ። የእኛዎቹ የአባ ገሪማ ወንጌላትም ይህንኑ በቅስትና በዓምድ አስጊጠው ይዘውታል። ሮስሊንም ከዚሁ ልማድ ነው የተነሣው። ቁጥሮቹን በዓምዶች መሃል አስቀምጦ፣ በላያቸው ሐረግ የሞላበት ግንባር ሠርቶ፣ ጫፉ ላይ ወፎችን፣ ጎንና ጎኑ ላይ ዛፎችን ያቆማል። ገጹን የገለጠ ሰው ሠንጠረዥ እያነበበ መሆኑን ይረሳል። ሰው ሲስል ደግሞ ፊት ላይ ይበረታል። ሐዘኑም ድንጋጤውም ከመልካቸው ይነበባል።

የ1268ቱ መጽሐፍ ማስታወሻ የሚከብድ ነው። በዚያው ዓመት የማምሉኮቹ ሱልጣን ባይባርስ አንጾኪያን ያዘ። ሮስሊን የከተማዋን መውደቅ፣ የሞተውንና የተማረከውን ሕዝብ፣ የቤተ ክርስቲያናቱን መከራ ጻፈ። ወንጌል ጽፎ ሲጨርስ የሰማውን ወሬ እዚያው አሰፈረው። ከዚያ በኋላ ቀን ያለበትና የተፈረመበት ሥራው አልተገኘም። ህሮምክላም በ1292 በማምሉኮች እጅ ወደቀች።

ከሰባቱ መጻሕፍት አራቱ ኢየሩሳሌም፣ በአርመኖች የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ይገኛሉ። (ራስ ተፈሪ በ1924 ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው «አርባ ልጆች»ም ከኢየሩሳሌም አርመኖች ዘንድ የመጡ ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ።) ሁለቱ መጻሕፍት በአርመን ዋና ከተማ በየሬቫን፣ ማቴናዳራን በተባለው የብራና መጻሕፍት ቤት ናቸው። በ1262 ለካቶሊኮሱ የእኅት ወይም የወንድም ልጅ፣ ለቄስ ቶሮስ የተሠራው ደግሞ ባልቲሞር፣ ዋልተርስ ሙዚየም ገብቷል።

ብዙ ያነጋገረው ግን የ1256ቱ፣ የዘይቱን ወንጌል ነው። ስሙን ያገኘው ከቆየበት የተራራ ከተማ ነው። በአርመኖች ላይ በተፈጸመው የዘር ማጥፋት ጊዜ መጽሐፉ ከቦታው ተፈናቀለ፤ የሠንጠረዡ ስምንት ገጾችም ከዋናው ተለይተው አሜሪካ ደረሱ። በ1994 የሎስ አንጀለሱ ጌቲ ሙዚየም ገዛቸው። አሜሪካ ያለችው የአርመን ቤተ ክርስቲያን «የተሰረቁ ናቸው» ብላ በ2010 ከሰሰች። ጉዳዩ በ2015 በስምምነት አለቀ፦ ሙዚየሙ ገጾቹ በታሪክ የቤተ ክርስቲያኒቱ መሆናቸውን አመነ፣ እሷም በስጦታ መልክ ሰጠችው። ገጾቹ ሎስ አንጀለስ ቀሩ፤ የተገነጠሉበት መጽሐፍ ያለው በየሬቫን ነው።