የቤት ብድር ቁጥጥር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቤቱ መያዣ እስከሆነ ድረስ ባንኩ አይከስርም»

በታዳጊ አገሮች ብዙ ጥፋት የሚያመጣው ይህ እምነት ነው። ዋጋው 100 ተብሎ በተገመተ ቤት 90 የተበደረ ሰው ክፍያ አቋረጠ እንበል። የቤት ዋጋ በ15 በመቶ ከወረደ ሐራጁ 85 ያስገኛል፤ የሐራጅና የጠበቃ ወጪ 8 ሲቀነስ 77 ይቀራል። ክርክሩ ሁለት ዓመት ከፈጀ ግን ዕዳው በ15 በመቶ ወለድ 119 ደርሷል። ባንኩ 42 ይጎድልበታል፤ ከዚህ 29ኙ ችሎት ሲጠበቅ የተቆለለ ወለድ ነው። ተቆጣጣሪው ብድሩን በግምቱ 70 በመቶ ቢገድበው ጉድለቱ ወደ 16 ዝቅ ይላል እንጂ አይጠፋም። ገማቹ 100 የሚያወጣውን ቤት 120 ብሎ ከጻፈው ደግሞ 70 በመቶው 84 ይሆናል፤ ገደቡ በወረቀት ተከብሮ በተግባር ተጣሰ ማለት ነው። ስለዚህ ገማቹን የብድር ሠራተኛው ራሱ እንዳይመርጠው መከልከል ከገደቡ ያነሰ ጉዳይ አይደለም።

«የብድር ጣሪያ ካለ ሌላ ገደብ አያስፈልግም»

ብድሩን ከቤቱ ግምት አንጻር የሚገድበው ጣሪያ የሚቀንሰው ተበዳሪው መክፈል ካቃተው በኋላ የሚደርሰውን ኪሳራ ነው። ከመነሻው እንዳያቅተው የሚረዳው ወርሃዊ ክፍያን ከገቢ ጋር የሚያመዛዝን ገደብ ነው። ደቡብ ኮሪያ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2002 ካወጣች በኋላ በ2005 ሁለተኛውን ጨምራለች። ብዙ ሰው ደመወዝተኛ ባልሆነበት አገር የ12 ወር የሒሳብ እንቅስቃሴ ማየት ከአንድ የገቢ ደብዳቤ ይሻላል። የብድር መረጃ ቋት ከሌለ ግን ቅድመ ክፍያው ራሱ ከሌላ አበዳሪ የመጣ መሆኑ አይታወቅም።

«የውጭ ምንዛሪ ብድር ወለዱ ስለሚያንስ ይሻላል»

ባንኩ የምንዛሪ ሥጋቱን ለተበዳሪው አሳልፎ የተገላገለ ይመስለዋል። በሀንጋሪ ደመወዛቸው በአገሩ ገንዘብ በፎሪንት የሆነ ቤተሰቦች በስዊስ ፍራንክ ተበደሩ። ከ2008 ቀውስ ወዲህ ፎሪንት ሲዳከም ወርሃዊ ክፍያቸው አሻቀበ፤ ሥጋቱም ያልተከፈለ ብድር ሆኖ ወደ ባንኮቹ ተመለሰ። በ2014 የወጣ ሕግ ብድሮቹ ወደ ፎሪንት እንዲቀየሩ አስገደደ።

«የወለድ ጣሪያ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ይጠቅማል»

ኬንያ በ2016 ጣሪያ ስታስቀምጥ ባንኮች ሥጋት አለባቸው ያሏቸውን ተበዳሪዎች ትተው ወደ መንግሥት የዕዳ ሰነዶች ዞሩ። ጣሪያው በ2019 ተነሣ።

«ባዝል ዝቅተኛ ክብደት ስለሰጠው የቤት ብድር ደህና ነው»

የ2004ቱ ባዝል 2፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የባንኮች ካፒታል ደንብ፣ ለመኖሪያ ቤት ብድር የሰጠው የሥጋት ክብደት (ካፒታል ሲሰላ ከብድሩ የሚቆጠረው ድርሻ) 35 በመቶ ነው። በ8 በመቶ የካፒታል መጠን ሲሰላ ለ90 ብድር ባንኩ ለኪሳራ መሸፈኛ የሚይዘው የራሱ ገንዘብ 2.5 ብቻ ነው። በላይኛው ምሳሌ ወለዱን ትተን ከዋናው ብድር የጎደለውን 13 ብቻ ብንቆጥር እንኳ የአምስት እንዲህ ያሉ ብድሮችን ካፒታል ይበላል። በ2017 የተሻሻለው ደንብ ክብደቱን ብድሩ ከቤቱ ዋጋ ጋር ባለው ንጽጽር ከ20 እስከ 70 በመቶ አድርጎታል። ባዝል 2ም ቢሆን የአገሪቱ የብድር አመላለስ ታሪክ የሚያሳስብ ከሆነ ተቆጣጣሪው ከ35 በላይ እንዲጠይቅ በሩን ክፍት ትቶ ነበር።