«መኪናው ባይገለበጥ ኖሮ» ትርፍ

ጅማ ሂርማታ ገበያ ቡና የሚነግድ ሰው ዘንድሮ እንዴት ነበር ብትሉት፣ «መኪናው ባይገለበጥ ኖሮ አሪፍ ነበር» ሊላችሁ ይችላል። ትልልቅ ኩባንያዎችም ይህንኑ ነው የሚሉት፤ እነሱ ግን በአሃዝ ጽፈው ነው። ስሙም «የተስተካከለ ትርፍ» ነው። የአንድ ጊዜ ነው ያሉትን ኪሳራ፣ የሠራተኛ ማሰናበቻ ካሳ፣ አንዳንዴም ወለዱንና የእርጅና ቅናሹን ሳይቀር ከወጪ ያወጡና ሌላ ቁጥር ያሳያሉ።

ነገሩ በራሱ ክፉ አይደለም። የከርሞውን ለመገመት ይረዳል። ጣጣው መኪናው በየዓመቱ ሲገለበጥ ነው።

መጥፎውን አውጥቶ ጥሩውን መተውም አለ። የትራምፕ ሆቴልና ካዚኖ ኩባንያ የ1999 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ሦስተኛ ሩብ ዓመት ውጤቱን ሲያወጣ፣ የ81.4 ሚሊዮን ዶላር የአንድ ጊዜ ወጪ እንዳልቆጠረ ተናገረ፤ 17.2 ሚሊዮን ዶላር የአንድ ጊዜ ገቢ መቁጠሩን ግን ዝም አለ። የአሜሪካ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን በ2002 ይህ አሳሳች ነው አለ።

በዚያው ዓመት፣ ሂሳቡን ሲያጭበረብር የተገኘው የአሜሪካ ኢነርጂ ኩባንያ ኤንሮን ከወደቀ በኋላ፣ የኩባንያ ሂሳብ አያያዝን የሚያጠብቀው የሳርቤንስ ኦክስሊ ሕግ ወጣ፣ በ2003 «ሬጉሌሽን ጂ» የተባለው የኮሚሽኑ ደንብ ተከተለ። የተስተካከለውን ቁጥር አልከለከለም። በመደበኛው የሂሳብ አሠራር የተሰላው ቁጥር አጠገቡ ይቀመጥ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደተደረሰም በዝርዝር ይታይ ነው ያለው። አብሮ የወጣው ደንብ ደግሞ ባለፉት ሁለት ዓመታት የደረሰን ወይም በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ሊደርስ የሚችልን ወጪ ለኮሚሽኑ በሚገባ ሰነድ ላይ «የማይደገም» ብሎ መቀነስን ከለከለ። ለእኔ ዋናው ይሄ ነው።

ሠራ ወይ? በከፊል። ጥናቶች እንዳሳዩት ከትርፉ ስሌት የሚወጡት ወጪዎች እውነትም የማይደጋገሙ ወደመሆን ተጠጉ፤ አንዳንዶች ግን የዘወትር ወጪያቸውን «ልዩ ወጪ» ወደሚባለው መደብ ማሻገር ጀመሩ። ኮሚሽኑም በ2010 ላላ፣ በ2016 መልሶ አጠበቀ።

እኛ ጋ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 (ይህ 2006 በእኛ አቆጣጠር ነው) ኩባንያዎችን ወደ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ ወደ አይኤፍአርኤስ አስገብቷል፤ ጅማ ላይ የባንክ አክሲዮን የገዛ ሰው የሚደርሰው ዓመታዊ ሪፖርት በዚሁ የተሠራ ነው። ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ሥራ ላይ የሚውለው የዚሁ ደረጃ አንዱ ክፍል፣ አይኤፍአርኤስ 18፣ ደግሞ ኩባንያው ለሕዝብ በጽሑፍ የሚያወጣቸውን የራሱን የትርፍ መለኪያዎች ኦዲተር በሚያየው ማብራሪያ ውስጥ ያስገባቸዋል። በቃል የተነገረና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የተለጠፈ ግን አይቆጠርም። የሂርማታው ነጋዴ ቡናውን እየጠጣ የሚያወራው መኪና ከዚህም ነፃ ነው።