«ፋስት» እና «ኩዊክ» አንድ አይደሉም፦ ስለ እንግሊዝኛ የፍጥነት ቃላት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንግሊዝኛ በማስተማርና የትርጉም ጽሑፎችን በማረም በቆየሁባቸው ዓመታት «ፋስት ማለት ፈጣን ነው፤ ኩዊክም፣ ራፒድም፣ ስዊፍትም ያው ፈጣን ነው፤ የመጣልህን ተጠቀም» እንደሚለው ምክር የታከተኝ ነገር የለም። ይህን የሚሉት ጀማሪዎች ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን ለተማሪ የቃላት ዝርዝር የሚያዘጋጁ ሰዎችም አራቱን ቃላት በአንድ መስመር ደርድረው፣ ከፊታቸው አንድ የአማርኛ ፍቺ አስቀምጠው ያልፋሉ። ተማሪው የሸመደደው ዝርዝር በፈተና ላይ ይጠቅመው ይሆናል፤ ደብዳቤ መጻፍ ሲጀምር ግን ያሳስተዋል።

እውነታው ቃላቱ የሚለኩት ነገር የተለያየ መሆኑ ነው። ፋስት በዋናነት የሚናገረው ስለ እንቅስቃሴ ፍጥነት ነው፤ ማለትም አንድ ነገር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ርቀት እንደሚሸፍን ወይም ምን ያህል ሥራ እንደሚያከናውን ያሳያል። ኩዊክ ግን በአብዛኛው የሚናገረው ድርጊቱ የሚወስደው ጊዜ አጭር ስለመሆኑ ነው። ስለዚህ መኪናው «ፋስት ካር» ይባላል፣ ለአፍታ ገረፍ አድርጎ ማየት ደግሞ «ኩዊክ ሉክ» ይባላል፤ ቦታቸውን ቢለዋወጡ ለጆሮ ይጎረብጣል። አህጉር የሚያቋርጥ ባቡር ፋስት ሊሆን ይችላል፤ ጉዞው ሁለት ቀን ከፈጀ ግን ኩዊክ ነው የሚል የለም። ሁለቱም የሚያስኬዱበት ቦታ እንዳለ አልክድም፤ ትምህርት ቶሎ የሚገባውን ሰው «ፋስት ለርነር» ወይም «ኩዊክ ለርነር» ብንለው ሁለቱም ትክክል ነው። ራፒድ ከለውጥ፣ ከእድገትና ከማሽቆልቆል ጋር የሚሄድ መደበኛ ቃል ሲሆን፣ ስዊፍት ደግሞ ሳይዘገይ ለተወሰደ እርምጃና ለተሰጠ ምላሽ ይስማማል። «ራፒድ ካር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሰዋስው አላፈረሰም፤ ነገር ግን ቃሉን ከዝርዝር እንጂ ከንባብ እንዳላገኘው ያሳብቅበታል።

ከሁሉ በላይ ስህተት የሚያመጣው ግን የራሳችን «ቶሎ» ነው። ብዙ ሰው «ቶሎ ማለት ፋስት ወይም ኩዊክሊ ነው» ብሎ ያምናል፤ ይህ እምነት ከተማሪ ደብተር እስከ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ድረስ ሲያሳስት አይቻለሁ። አማርኛ በአንዲት ቃል የሚሸፍነውን መስክ እንግሊዝኛ ቢያንስ ለአራት ከፍሎታል። «ቶሎ ተመለስ» ስንል የምንጠይቀው መመለሻው ቀን እንዲቀርብ ነው እንጂ ሰውየው እንዲሮጥ አይደለም፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ቃል «ሱን» ነው። «ዛሬ ጠዋት ቶሎ ነቃሁ» ስንል ከተለመደው ሰዓት ቀድመን መነሣታችንን እየተናገርን ነውና ቃሉ «ኧርሊ» ይሆናል። «ይህ ብርጭቆ ቶሎ ይሰበራል» የሚለው ስለ ፍጥነት ምንም አይናገርም፤ ብርጭቆው በቀላሉ የሚሰበር መሆኑን ነው የሚገልጸው፤ በእንግሊዝኛም «ኢዝሊ» ይባላል። «ቶሎ ቶሎ ጻፍ» ሲባል ብቻ ነው እውነተኛው ፋስት ወይም ኩዊክሊ የሚመጣው።

አንድ የሥራ አመልካች የጻፈውን ደብዳቤ እንዳርምለት ሰጥቶኝ ነበር። በመጨረሻው መስመር ላይ «መልሳችሁን ቶሎ እንደምሰማ ተስፋ አደርጋለሁ» ለማለት ፈልጎ «አይ ሆፕ ቱ ሂር ፍሮም ዩ ፋስት» ብሎ ጽፏል። ሐሳቡ ትሑት ነው፤ በእንግሊዝኛው ግን ቀጣሪውን እያጣደፈ ያለ ሰው ይመስላል። «ፋስት»ን ሠርዤ «ሱን» ስተካ ልዩነቱ አልታይህ አለው፤ «ሁለቱም ቶሎ አይደሉም ወይ?» ሲልም ጠየቀኝ። ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ቶሎን ከመተርጎማችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፤ «ከአሁን በኋላ ብዙም ሳይቆይ» ማለታችሁ ነው፣ ወይስ «ከሰዓቱ ቀድሞ»፣ ወይስ «በቀላሉ»፣ ወይስ «በፈጠነ እንቅስቃሴ»? የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር በዚህ መንገድ ደግማችሁ ስትጽፉት ትክክለኛው የእንግሊዝኛ ቃል ራሱን ያወጣል።

«ሄስቲ ማለት አፋጣኝ ማለት ነው» የሚለው ስህተት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ተቋም ለአጋሮቹ በሚልከው ሪፖርት ላይ «ችግሩ እንደተከሰተ አመራሩ አፋጣኝ ውሳኔ ወስዷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ሄስቲ ዲሲዥን» ተብሎ ተተርጉሞ ደረሰኝ። የእንግሊዝኛው አንባቢ ከዚህ የሚረዳው አመራሩ ሳያመዛዝን በችኮላ መወሰኑን ነው፤ ተቋሙ ራሱን ሊያመሰግንበት ያሰበው መስመር ራሱን የሚወቅስበት ሆነ። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ገልጦ «ሄስት» ፍጥነት እንደሚል አሳየኝ፤ መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም፣ ነገር ግን ቅጽሉ የነቀፋ ቃና እንዳለው በአንዲት ቃል ፍቺ ውስጥ አይታይም። እዚህ ላይ የሚገባው «ስዊፍት» ወይም «ፕሮምፕት» ነበር። «ኸሪ»ም እንዲሁ የጥድፊያ ቃል ነው፤ በመኪና ሰልፍ መካከል ቆሞ ስንዝር የማይንቀሳቀስ ሾፌር «ኢን ኤ ኸሪ» ሊሆን ይችላል፣ ፋስት ግን አይደለም።

ትናንሾቹን በአጭሩ ልለፋቸው። «ፋስትሊ» የሚባል ቃል በዛሬው መደበኛ እንግሊዝኛ አይሠራበትም፤ ፋስት ቅጽልም ተውሳከ ግስም ነው። «ሞር ፋስት» አይባልም፣ «ፋስተር» ነው። ፍጥነቱ ራሱ ሲገለጽ «ፋስት ስፒድ» ሳይሆን «ሃይ ስፒድ» ይባላል። «ሰደንሊ» ያልተጠበቀ መሆንን እንጂ ፈጣን መሆንን አያመለክትም። «ኖትስ ፐር አወር» ስህተት ነው፤ የመርከብና የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ የሆነው አንድ ኖት ማለት ራሱ በሰዓት አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር ስለሆነ «በሰዓት» የሚለው ሁለተኛ ጊዜ አይጨመርም። ስፒድና ቬሎሲቲ በተራ ንግግር ቢቀላቀሉም በፊዚክስ ይለያያሉ፤ ቬሎሲቲ አቅጣጫን ይጨምራል። የ400 ሜትሩን ዙር በ50 ሴኮንድ ጨርሶ ወደ መነሻው የተመለሰ ሯጭ አማካይ ስፒዱ በሴኮንድ 8 ሜትር ሲሆን አማካይ ቬሎሲቲው ዜሮ ነው።

«ፋስት ሁልጊዜ ፈጣን ማለት ነው» የሚሉም አሉ። የቃሉ ጥንታዊ ትርጉም ግን ጽኑና የማይነቃነቅ የሚል ነበር፤ ይህ ትርጉም ዛሬም «ስታንድ ፋስት»፣ ማለትም ጸንተህ ቁም፣ በሚለው ውስጥ አለ፤ «ፋስት አስሊፕ» የተባለውም ሰው በከባድ እንቅልፍ ላይ ነው። ጾምን የሚያመለክተው ፋስትም የመጣው ከዚሁ አጥብቆ የመያዝ ትርጉም ሲሆን፣ የቁርሱ «ብሬክፋስት» ቃል በቃል ጾም መፍታት ማለት ነው። ሰዓት አምስት ደቂቃ ፋስት ነው ሲባል ደግሞ አምስት ደቂቃ ይቀድማል ማለት ነው። ኩዊክም በጥንቱ «ሕያው» ማለት ነበር፤ በሕያዋንና በሙታን ላይ ስለመፍረድ የሚናገረው የቀድሞው የእንግሊዝኛ ጸሎተ ሃይማኖት «ዘ ኩዊክ ኤንድ ዘ ዴድ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው ስህተት «ራን ካወቅሁ ሌላ የሩጫ ግስ አያስፈልገኝም» የሚለው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ምሁር ሊዮናርድ ታልሚ እንዳሳየው ቋንቋዎች እንቅስቃሴን የሚያዋቅሩበት መንገድ ይለያያል። እኛ «ሮጦ ወጣ» ስንል አቅጣጫው በዋናው ግስ፣ አኳኋኑ በጥገኛው ግስ ይነገራል፤ እንግሊዝኛ ግን አኳኋኑን በዋናው ግስ አድርጎ አቅጣጫውን ለትንሽ ቃል ይተወዋል፣ «ራን አውት» ይላል። «ሂ ኤግዚትድ ራኒንግ» ብሎ መጻፍ የአማርኛውን አጥንት ይዞ መሄድ ነው። በዚህ ጠባይ የተነሣ የእንግሊዝኛ ግሶች አኳኋንን በጣም ይለያሉ። «ስፕሪንት» በአጭር ርቀት በሙሉ ኃይል መሮጥ ነው፤ የማራቶን ሯጭ ስፕሪንት የሚያደርገው ምናልባት በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ነው። «ዳሽ» ለአጭር ርቀት በጥድፊያ መፈትለክ ነው፤ «ዳርት» እንደ እንሽላሊት ድንገት ሽው ማለት ነው። «ቦልት» ደግሞ ደንግጦ ወይም ለማምለጥ መፈርጠጥ ነው፤ ልጓም ጥሶ የሚፈረጥጥ ፈረስ የሚያደርገው ይህን ነው። ቃሉ ከሯጩ ዩሴን ቦልት ስም የመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ ሯጩ ከመወለዱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበረ ቃል ነው። ፈረሱም ቢሆን ሁልጊዜ «ጋሎፕ» አያደርግም፤ ሶምሶማው «ትሮት»፣ ከሶምሶማ በላይ ከሙሉ ግልቢያ በታች ያለው «ካንተር»፣ ሙሉ ግልቢያው ብቻ «ጋሎፕ» ይባላል። እነዚህን ግሶች የምትማሩ ሰዎች እያንዳንዱን ብቻውን ሳይሆን ማን እንደሚሮጥ፣ ምን ያህል ርቀትና ለምን እንደሚሮጥ ከሚያሳይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጋር በደብተራችሁ ጻፉት።