«ልጄ አይበላልኝም» ለምትሉ፡ በየቤቱ የሚወራውና እውነታው

እናቶች ቡና ላይ ሲገናኙ ወሬው አንድ ነው፣ «የኔ ልጅ አይበላም»፣ ከዛ ምክር ይዘንባል፣ አንዷ ሽሮፕ ግዢ ትላለች ሌላዋ ጋቺው ትላለች አያት ደሞ እንጥሉን አሳዪው ይላሉ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ልጁ አይበላም ነው ወይስ አያድግም? ሁለቱ እኮ ይለያያል፣ ትንሽ ትንሽ እየቀመሰ ደህና የሚያድግ ልጅ ሞልቷል፣ ሆዱ እየሞላ የማያድግም አለ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

«ዓመት እስኪሞላው ይበላ ነበር፣ አሁን ምግብ ዘጋው»

ብዙውን ጊዜ በሽታ አይደለም። ህፃን በ5 ወሩ አካባቢ የተወለደበትን ኪሎ እጥፍ ያደርጋል፣ ዓመት ሲሞላው 3 እጥፍ ይደርሳል፣ 3 ኪሎ የተወለደው 9 ምናምን ይገባል ማለት ነው፣ ሁለተኛውን ዓመት ሙሉ ግን የሚጨምረው 2 ወይ 2 ተኩል ኪሎ ቢሆን ነው። እድገቱ ሲረጋጋ ፍላጎቱም ይቀንሳል። ስለዚህ የተረፈውን ሳህን አትዩ፣ ጤና ጣቢያ ሲመዘን የሚሞላለትን የእድገት ካርድ እዩ፣ መስመሩ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ ተዉት፣ ለወራት ሳይወጣ ጋደም ካለ ወይ ወደ ታች ከዞረ ግን ሀኪም ይየው።

«ካልበላ መጋት ነው»

አፍንጫ ይዞ መጋት ትን ያስብላል፣ ትን ያለው ምግብ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ከዛ የሳንባ ምች ነው። ያ ባይሆን እንኳ ልጁ ማንኪያ ባየ ቁጥር ማልቀስ ይጀምራል። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ እናንተ ወስኑ፣ መጠኑን እሱ ይወስን፣ ግማሽ ሰዓት ሞክራችሁ ካልሆነ አንሱት። መሀል ላይ ግን ብስኩት፣ ቺፕስ፣ የታሸገ ጁስ እየሰጣችሁ «ምሳውን እምቢ አለ» አትበሉ እንግዲህ።

«የምግብ ፍላጎት የሚጨምር ሽሮፕ ይፃፍልኝ»

ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ሳይፕሮሄፕታዲን ሲሆን እሱ የአለርጂ መድሃኒት ነው፣ ፍላጎት መጨመሩ የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ ሲቆም ፍላጎቱም ወደ ድሮው ይመለሳል፣ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደሞ አይሰጥም። በራሳችሁ ከፋርማሲ አትግዙ። መልቲቪታሚኑም ቢሆን የጎደለ ነገር ከሌለ ፍላጎት አይከፍትም። የአይረን እጥረት ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ በእውነት ምግብ ይዘጋል፣ አፈር የሚያስበላውም ልጅ አለ፣ በደም ምርመራ ይታወቃል። ለዚህ ከሚያጋልጡት አንዱ ቀኑን ሙሉ የላም ወተት መጠጣት ነው (ዓመት ካለፈው በኋላ በቀን ግማሽ ሊትር ይበቃዋል)፣ ሌላው ከምግብ ጋር የሚሰጥ ሻይ ነው፣ ሻይ አይረኑን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ዳቦ በሻይ ለህፃን ቁርስ አይሆንም፣ በቃ።

«እንጥሉ ወርዶ ነው፣ የወተት ጥርሱም ይነቀል»

ኧረ በፈጣሪ! እንጥል ማስቆረጥ ምግብ አይከፍትም፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ህፃን የሞተበት ቤት አለ። የወተት ጥርስ ተብሎ ከድድ ስር የሚወጣው ደሞ ገና ያልበቀለ ጤነኛ ጥርስ ነው፣ ሲቆፍሩት ከስሩ ያለውን ቋሚውንም ሊያበላሹት ይችላሉ። ልጁ የሚያስመልሰው፣ የሚያስቀምጠው ወይ የሚያተኩሰው ሌላ ምክንያት ስላለው ነው፣ እሱ ይታከምለት።

«አጥሚቱ 12 ዓይነት እህል አለው እኮ»

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጎበዝ እናት የምትሸወደው እዚህ ጋ ነው። ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍ ሁሉም እህል ናቸው፣ ለልጁ አንድ ወገን ምግብ ነው የሚቆጠሩት፣ በዛ ላይ ደሞ በጡጦ እንዲወርድ ተብሎ ይቀጥናል፣ የህፃን ሆድ ትንሽ ነው፣ በውሃ ይሞላና «ጠገበ» ይባላል። ወፈር አድርጉት፣ በማንኪያ የሚነሳ ይሁን፣ እንቁላል ወይ ወተት ጨምሩበት፣ ተቆልቶ የተፈጨ ለውዝ (ደቆ ነው፣ ፍሬው ትን ይላል)፣ የአተር ወይ የምስር ክክ፣ ትንሽ ዘይት ወይ ቅቤ፣ ካሮትና ጎመን። ከ6 ወር ጀምሮ በቀን 2፣ 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር በኋላ 3፣ 4 ጊዜ፣ ጡቱም ይቀጥላል። በ2016 እ.ኤ.አ በተደረገው የስነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ልጆች የሚገባውን ያህል ዓይነትና ድግግሞሽ ያገኙት 100 ውስጥ 7ቱ ብቻ ነበሩ፣ ከ5 ዓመት በታች ደሞ 38 በመቶው ቀንጭረዋል፣ አማራ ክልል ላይ 46 በመቶ፣ ያ ሁሉ ጤፍ የሚመረትበት አገር! የእህል መኖር ብቻ አይደለማ ጉዳዩ።

«እንቁላልና ሥጋ ይከብደዋል፣ ደሞ ፆም ነው»

በደንብ የበሰለና የላመ ከሆነ ከ6 ወር ጀምሮ ይችላል። ፆሙን ህፃን አይፆምም፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ችግሩ የቤቱ ድስት ይነካካል ተብሎ ለሱም ሳይሠራለት መቅረቱ ነው፣ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ለ10 ወር ልጅ ብዙ ነው። ለሱ አንዲት ትንሽ ድስት ለዩለት።

«ያጠረው በዘሩ ነው»

አዋቂ ላይ እሺ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የእድገት መለኪያውን ያወጣው በብራዚል፣ ጋና፣ ህንድ፣ ኖርዌይ፣ ኦማንና አሜሪካ ያሉ በአግባቡ የተመገቡ ጤነኛ ልጆችን ለክቶ ነው፣ ቁመታቸው ከአገር አገር በጣም ይቀራረብ ነበር። እናቱ አጭር ናት ብላችሁ አትለፉት፣ በተለይ 2 ዓመት ሳይሞላው፣ ከዛ በኋላ ማካካስ ይከብዳል።

«ጉንጩ ሞልቷል፣ ምንም አልሆነም»

ፊቱ ሞልቶ ፀጉሩ ከሳሳና ከቀላ፣ ሁለቱንም የእግሩን ጀርባ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ጎድጉዶ ከቀረ ውፍረት ሳይሆን እብጠት ነው፣ ከባድ የምግብ እጥረት ሊሆን ይችላል፣ በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰም እንደዛው ነው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በባለቀለሙ ሜትር ትለካዋለች። የሚሰጠው ፕላምፒነት (በፓኬት የታሸገው የለውዝ ምግብ) መድሃኒቱ ነው፣ ለወንድም ለእህቱ አታካፍሉበት።