የመሬት ደብተር ምንድን ነው?

በገጠር «ደብተሬ» የሚባለው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ዝናብ እንዳያገኘው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሣጥን ሥር ይቀመጣል። የሚያረጋግጠው ግን ባለቤትነትን ሳይሆን ባለይዞታነትን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ባለይዞታው ማረስ፣ ማከራየት፣ ማውረስና ሕጉ በሚፈቅደው ልክ በስጦታ ማስተላለፍ ይችላል። ስለዚህ «ሸጥኩልህ» ብሎ ደብተሩን ከእጅ ወደ እጅ የሚያቀባብል ሰው መሬቱን አላስተላለፈም፤ ተቀባዩም ብሩን ሰጥቶ የሌላ ሰው ስም ያለበት ወረቀት ይዞ ይቀራል።

ደብተሩ ለምን አስፈለገ? በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ከተወረሰ ወዲህ ድልድል ተደጋግሟል። አዲስ ጎጆ ወጪ ሲመጣ ሰፋ ያለ ይዞታ ካለው ላይ ተቆርጦ ይሰጠው ነበር። በአማራ ክልል የ1989 ዓ.ም. ድልድል እስካሁን ይወሳል። የሚቀጥለው ዓመት ማሳው በእጁ መቆየቱን የሚጠራጠር ሰው ደግሞ እርከን አይሠራበትም፣ ዛፍም አይተክልበትም። ትግራይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምዝገባውን ቀድማ ጀመረች፤ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ተከተሉ።

የትግራዩ አንድ ገጽ ወረቀት ሲሆን የሚጻፍበትም የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም ብቻ ነበር። የአማራው ደብተር የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ጎን ለጎን አለበት፤ ሁለቱ ሲጣሉ ወይም ሲፋቱ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ገለጥ ሲያደርጉት ማሳዎቹ በየተራ ተዘርዝረዋል፤ የቦታው ስም፣ ስፋቱ፣ የለምነቱ ደረጃ፣ ከዚያ አዋሳኙ፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ የወል ግጦሽ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ካርታ የለውም። ይህ ደብተር የተሰጠበት የመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ ልኬቱ በገመድ፣ አንዳንዴም በግምት የተሠራ ነው። እገሌ ሲሞት ማሳው ለልጆቹ ይከፋፈላል፣ ወንዙም በክረምት አቅጣጫ ይለውጣል። ድንበር ገፊ በየዓመቱ አንድ ትልም ቢወስድ ከአሥር ዓመት በኋላ የሁለቱም ደብተር ልክ እንደተጻፈ ነው፤ መሬቱ ግን የለም። ሽማግሌም ዳኛም ከደብተሩ የሚያነቡት «ከእገሌ ይዋሰናል» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ክርክር አይፈታም።

ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ የመጣው ይህን ለመሙላት ነው። ከአየር ወይም ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ ለቀበሌው ይታተማል። ባለይዞታው፣ አዋሳኞቹና የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አባል አብረው ድንበሩን ይረግጣሉ፤ ባለሙያው ፎቶው ላይ መስመሩን ያሰምራል። 1 ለ 2000 በታተመ ፎቶ ላይ 1 ሚሊሜትር ማለት መሬት ላይ 2 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የደነደነ እስክሪብቶ ራሱ ድንበር ይገፋል። ዛፍ የጋረደውና ገደላማው ቦታ ከፎቶው በደንብ ስለማይለይ በጂፒኤስ ወይም በሜትር ይለካል። ከዚያ መስመሩ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፣ ማሳው የራሱ መለያ ቁጥር ያገኛል፣ ዝርዝሩና ካርታው ለሕዝብ ይለጠፋል፣ ቅሬታ ያለው ይናገራል፣ በመጨረሻ ካርታ ያለበት ማረጋገጫ ይታተማል።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው በልጠፋው ላይ ነው። ሰው በአጨዳ ተጠምዶ ወይም ርቆ ሠርቶ ሳያይ ጊዜው ያልፋል፤ ከታተመ በኋላ ማስተካከል ደግሞ ከቀበሌ ወረዳ ያመላልሳል። ሌላው፣ በገመድ 2 ቃዳ (የገበሬው የመሬት መለኪያ ነው) የተባለው ማሳ በካርታ ሰፋ ብሎ ሲወጣ ገበሬው ግብር ይጨምርብኛል ወይም ይቆረጥብኛል ብሎ ይደነግጣል፤ ባለሙያው የመለኪያው ልዩነት መሆኑን እዚያው ካላስረዳው መስመሩን አሳንሶ ሊያስይዝ ይችላል። የወል ግጦሽ ዳር ያለው ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ግጦሹ የራሱ ተከራካሪ ስለሌለው ኮሚቴው ካልነቃ መስመሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ያገባች ሴት ድንበር ሲረገጥ ካልተገኘች ባሏ ብቻውን መመዝገቡም ያጋጥማል። በ1997 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ የተሻረው አዋጅ ቁጥር 456 ግን ገና ያኔ የጋራ ይዞታ በሁሉም ባለይዞታዎች ስም እንዲሰጥ አዝዞ ነበር፤ ሲለጠፍ መጀመሪያ መታየት ያለበት የስሙ ዓምድ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁ ትልቁ ድክመት ከልኬቱ በኋላ ነው። ደብተሩ የወረዳው መዝገብ ግልባጭ ነው፤ ክርክር ሲነሣ የሚታየውም መዝገቡ ነው። አባት ሲሞት፣ ማሳ ሲከፈል፣ ትዳር ሲፈርስ ለውጡ ወረዳ ሄዶ ካልተመዘገበ ወረቀቱ ከእውነታው ይለያል። ልጆች በአባታቸው ስም ባለ ደብተር ለዓመታት ያርሳሉ፤ የሚነቁት ካሣ ሲመጣ ወይም ብድር ሲያስፈልግ ነው። ኪራይም እንዲሁ ነው፤ ሕጉ ውሉ እንዲጸድቅና እንዲመዘገብ ቢያዝም በእኩል (ምርት ለመካፈል) ወይም በኮንትራት የሚሰጠው መሬት ብዙው በቃል ያልቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል። አበዳሪው ግን ስሙን ከመዝገቡ ያመሳክራል፤ የሟች ስም ያለበት ማሳ ዋስትና አይሆንም። ወራሹ መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃውን ይዞ ወረዳ ሄዶ ስሙን ያዛውራል፤ ስለ ብድሩ የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው።